«እንደ ልጄ ናት»፦ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል



መጽሐፈ ሩትን ስናጠና ምዕራፍ 2 ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ቦዔዝ ሞዓባዊቷን ሩትን «ልጄ» ብሎ ይጠራታል። «የእኔም ማዳም ልጄ ትለኛለች፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ተባለ። ጥያቄው ቢያስቅም ቀላል አይደለም። በዚህች ቃል ምክንያት ደመወዙን ሳይጠይቅ የቀረ፣ የእሁድ እረፍቱን የተወ፣ ኮንትራቱ አልቆም አገሩ ያልገባ ሰው በመካከላችን አለ። በዚህችው ቃል ተጽናንቶ ክፉ ቀን ያለፈም አለ። ስለዚህ የዛሬው ወረቀት ቃሏን ራሷን ይመረምራል። የምንተቸው የማንንም ማዳም አይደለም፤ አነጋገሩን ነው።

ቃሉ በየቤቱ ሲነገር

ሊባኖስ እንደገባን ቶሎ ከምንለምዳቸው የዐረብኛ ቃላት አንዱ «ቢንት» ነው። ሴት ልጅ ማለት ነው፤ «ቢንቲ» ሲሆን ልጄ ማለት ይሆናል። ይህ ቃል እኛ ላይ በሦስት መንገድ ይውላል፤ ሦስቱን ካልለየን ደግሞ ክርክሩ ሁልጊዜ ይደበላለቃል።

አንደኛው ተራ ጥሪ ነው። ዶራ አደባባይ ላይ አትክልት የሚሸጡ ሽማግሌ «ያ ቢንቲ» ቢሉሽ ለማንኛዋም ወጣት እንደሚሉት ነው። በአገራችንም መንገድ የጠፋባቸው አዛውንት «ልጄ፣ እስቲ ወዲህ በይኝ» ይላሉ። ይህ ጨዋነት ነው፤ የሚተች ነገር የለበትም።

ሁለተኛው «ቢንት» ሠራተኛ ማለት ሲሆን ነው። ማዳም ለጓደኛዋ በስልክ «የእኔ ቢንት ጎበዝ ናት»፣ «ቢንቷን ልቀይር ነው» ስትል የወለደቻትን ማለቷ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ቤት ውስጥ የ12 ዓመት የማዳም ልጅም ቢንት ናት፤ የሦስት ልጆች እናት የሆነችው የ45 ዓመት ሠራተኛም ቢንት ናት። የመጀመሪያዋ አድጋ፣ ተምራ፣ አግብታ ከቃሉ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ግን ፀጉሯ ቢሸብትም እዚያው ናት። ልጅ የተባለችው በዕድሜዋ ሳይሆን በቦታዋ ነውና አታድግም።

ይህ የዐረብኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ «ጳይስ» የሚለው ቃል ልጅም አገልጋይም ማለት ነው። ለዚህ ነው በማቴዎስ 8 የመቶ አለቃው በሽተኛ በአማርኛችን «ብላቴና» የተባለው፤ በሉቃስ 7 ደግሞ ያው ሰው ባሪያ ነው። የእኛም «ብላቴና» እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው። ወጣት ማለት ነው፤ በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ልጅም ማለት ነው። እነ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተሾሙበት «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚያ ነው፤ የብላቴኖቹ አለቃ ለማለት። ስለዚህ አገልጋይን በልጅ ስም መጥራት በብዙ አገርና በብዙ ዘመን የኖረ ነው።

ሦስተኛው አነጋገር ግን የተለየ ነው፤ የዛሬው ትችታችንም እሱ ላይ ነው። «ምትል ቢንቲ» ይላሉ፤ እንደ ልጄ ናት። ይህ መቼ እንደሚነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳ ሲመጣ ይነገራል። የመክተቡ ሰው ሲደውል ይነገራል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ስንጠይቅ ይነገራል። የሦስት ወር ደመወዝ ሲጠየቅ፦ «አንቺ እኮ እንደ ልጄ ነሽ፤ ከልጅና ከእናት መካከል ሒሳብ አለ?» የእሁድ እረፍት ሲጠየቅ፦ «እንደ ልጄ ስለሆንሽ እፈራልሻለሁ፤ ውጭው መጥፎ ነው።» ፓስፖርት ሲጠየቅ፦ «እኔ ዘንድ ምን ይሆናል? እንደ እናትሽ አይደለሁም?» ቃሉ የሚመጣው ጥያቄያችንን ሊመልስ ሳይሆን ሊያስቆም ነው።

«ልጅ» በእኛ ቋንቋ ምን ያህል ይከብዳል?

ይህን ለመመዘን ቃሉ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያስከትል እናስታውስ። በሰሜን አገራችን በርስት ዘመን «የእገሌ ልጅ ነኝ» ማለት ወግ አልነበረም፤ የመሬት ጥያቄ ነበር። ሰው የትውልድ ሐረጉን እየቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ይደርስና ድርሻውን ይጠይቃል። ሴትም ትጠይቃለች። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በዚህ የተነሣ ስንት ሙግት በየዳኛው ፊት ቆመ! «ልጅ ነህ» ከተባለ «ድርሻ አለህ» ማለት ነበር።

መኳንንቱም ቃሉን በማዕረግነት ይጠሩበት ነበር። ዐፄ ምኒልክ ወራሻቸው ያደረጉት የልጃቸው ልጅ «ልጅ ኢያሱ» ይባሉ ነበር። እዚያ ላይ «ልጅ» ማለት ነገ የሚወርስ ማለት ነው። ያው ሁለት ፊደል ያለው ቃል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያከብራል፣ ማድ ቤት ውስጥ ያሳንሳል። ልዩነቱ ከቃሉ ኋላ ድርሻ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ከሥጋ ያልተወለደ ልጅም እኛ ዘንድ እንዲሁ በአፍ ብቻ አይሆንም። ኦሮሞው በጉዲፈቻ ሲያሳድግ በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ልጁም ከተወለዱት እኩል ይሆናል። ሕጋችንም ቃሉን ተቀብሎታል፦ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጥረዋል። ክርስትና ያነሣች እናትም የክርስትና ልጇን ትጠይቃለች፣ ትመክራለች፣ ታስታርቃለች፤ ሁለቱ ቤቶች አበልጅ ሆነው ጋብቻ እንኳ አይታሰብም። እነዚህ ሁሉ ምስክር አላቸው፣ ግዴታ አላቸው፣ ጥቅም አላቸው።

አሁን «እንደ» የምትለዋን ትንሽ ቃል እንያት። «ልጄ ናት» ያለ ሰው ዕዳ ገብቷል። «እንደ ልጄ ናት» ያለ ግን ከዕዳው ሾልኮ ወጥቷል። ከልጅነት ውስጥ መታዘዙን፣ ዝምታውን፣ አለመቁጠሩን ይወስዳል፤ ድርሻውን፣ ቁልፉን፣ የመኮብለልና የመመለስ መብቱን ይተዋል። የእውነት ልጅ ተጣልታ ከቤት ብትወጣ ወላጅ «የት ደረሰች? ምን በላች?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። «እንደ ልጅ» የነበረችው ብትወጣ ግን «ጠፋች» ተብላ ለፖሊስ ይመለከትባታል፤ አንዳንዴም ስርቆት ይጨመርበታል። እንግዲህ በአንድ ሌሊት ልጅነቷ የት ሄደ? አልነበረምና የትም አልሄደም።

ከፊል

እዚህ ያለንበት ሥርዓት ራሱ በቤተሰብ ቃል የተሰየመ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? «ከፋላ» በዐረብኛ ኃላፊነት መውሰድ፣ ዋስ መሆን ነው። በእስልምና ሕግ ደግሞ ወላጅ ያጣን ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ከፋላ ይባላል። ቁርኣን ዘካርያስ ድንግል ማርያምን ለማሳደግ መረከቡን የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ባጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ላይም ከፋላ ቤተሰብ ላጣ ሕፃን ከሚደረጉ እንክብካቤዎች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። መልካም ቃል ነው፤ የሙት ልጅን የሚያስጠጋ ቃል ነው።

ይህ ቃል ወደ ኤርፖርትና ወደ ኢቃማ ሲመጣ ግን ሌላ ሆነ። እኛ የሙት ልጆች አይደለንም። እናት አባት ያለን፣ ብዙዎቻችንም ራሳችን እናት የሆንን፣ ለሥራ የመጣን ሰዎች ነን። ሆኖም መኖሪያ ፈቃዳችን በአንድ ሰው ስም ታስሮ ያ ሰው «ከፊል» ተባለ፤ የሚያስጠጋን፣ የሚዋስልን ማለት ነው። በአማርኛ ጆሮ «ከፊል» ማለት ግማሽ ነው። ቃሎቹ ዘመዳሞች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ነገሩን ግን አማርኛው ይገልጸዋል። ከፊል ልጅ፣ ከፊል ሠራተኛ ሆነን ነው የምንኖረው፤ ሙሉ የሆነው ልፋቱ ብቻ ነው። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ልጅ ጥንትም ስም ነበረው፦ የእንጀራ ልጅ።

ሕጉ ስለ ቤተሰብ ምን ይላል?

«ይሄ የቃል ጨዋታ ነው፤ ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ቃሉ ሕግ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ በግል ቤት የሚያገለግሉ ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። በዚያው አንቀጽ ከሕጉ ውጭ ከሆኑት መካከል፣ በአባት ወይም በእናት ወይም በሞግዚት ሥር የቤተሰብ አባላት ብቻ የሚሠሩባቸው ድርጅቶችም አሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሐሳቡ «ቤት ውስጥ ያለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሕግ አይግባ» የሚል ነው። ለአባትየው ልጅ ይህ አይጎዳም፤ ሱቁ ነገ የእሱ ነው። ለእኛ ግን የሥራ ሰዓት፣ የሥራ ስንብት፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚሉት ሁሉ ከበሩ ውጭ ቀሩ። የቤተሰብ አባል ያልሆነን ሰው በቤተሰብ ስም ከሕግ አወጡት።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ የኮንትራት ቅጽ አውጥቶ ነበር። ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ኮንትራቱን ማቋረጥ እንድትችል፣ ሰነዷንም ራሷ እንድትይዝ የሚል ነበር። ወር ከምናምን ሳይቆይ በጥቅምት የመክተቦቹ ማኅበር አቤት ብሎ የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት ፍርድ ቤት አገደው።

ቃሉ የተፈተነባቸው ቀኖች

የቤተሰብ ቃል በደኅና ቀን አይታወቅም፤ የሚለየው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊራው ሲወድቅ ምን እንዳየን ማንም አልረሳም። በሰኔ ወር ብዙ እህቶቻችን ሐዝሚዬ ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ከነሻንጣቸው ከመኪና ወርደው ቀሩ፤ ብዙዎቹ ደመወዛቸው ሳይከፈል። ከእነዚያ መካከል ስንቶቹ ቀድሞ «እንደ ልጄ» ሲባሉ ኖረው ይሆን? ቤተሰብ ሲቸግረው እንጀራውን ያሳንሳል እንጂ ልጁን ደጅ አያወርድም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ማለቂያ ድብደባው ሲበረታ ደግሞ ከደቡብና ከዳሕየ ሕዝቡ በሌሊት ወጣ። መኪና ውስጥ ቦታ ሲጠብ ቤተሰብ ይቆጠራል፤ ማን ገባ፣ ማን ቀረ። ጥለዋቸው የሄዱ፣ በር የተቆለፈባቸው፣ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ያደሩ ሠራተኞች እንደነበሩ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ከፍተው አስጠጉ። በዚያች ሌሊት «እንደ» የምትለው ቃል ምን ማለት እንደሆነች ያላወቀ አወቀ።

እውነቱን ለመናገር ግን ሠራተኛቸውን ከልጆቻቸው እኩል ጭነው የወጡ፣ በተጠጉበት ቤት አንድ ፍራሽ የተካፈሉም አሉ። ትችታችን እነሱን እንዳይነካ እንጠንቀቅ። እነሱ «ልጄ» ቢሉ ቃሉ ይገባቸዋል፤ ዋጋውን ከፍለውበታልና።

አገር ቤትስ?

ሊባኖሶችን ብቻ ብንነቅፍ ትችታችን ግማሽ ይሆናል። ይህን አነጋገር አገራችን እያለን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ «ላስተምርሽ» ተብላ ትመጣለች። ትምህርቱ ማታ ይሆናል፤ ከዚያ ይቀራል። እቃ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ ደመወዟ ሲጠየቅ «ደመወዝ? እንደ ልጄ ነው ያሳደግኳት!» ይባላል። የቤቱ ልጆች ጠረጴዛ ላይ ሲበሉ እሷ ማድ ቤት ናት። ከዶራ ቤቶች በምን ይለያል? በቋንቋው ብቻ።

በአገራችንም ሕጉ ከዚህ ብዙ አልራቀም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት የሚሠጥን አገልግሎት በራሱ አይገዛም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ይተወዋል። እንግዲህ ብዙዎቻችን ወደዚህ ስንመጣ «እንደ ልጅ» የሚለውን ትምህርት ጨርሰን ነው የመጣነው። ማዳም «ምትል ቢንቲ» ስትለን ቃሉ እንግዳ ያልሆነብን ለዚህ ነው።

ቦዔዝ ምን አደረገ?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቦዔዝ ሩትን «ልጄ» ካለ በኋላ ምን እንዳደረገ ምዕራፉን ገልጣችሁ ቁጠሩ። ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ። ስትጠማ ከእነሱ ማድጋ እንድትጠጣ ፈቀደ። በምሳ ሰዓት ከአጫጆቹ ጋር አስቀመጣት፤ በልታ ጠገበች፣ ተረፋትም። ከነዶው መካከል እንድትቃርም፣ እንዲያውም ሆን ብለው እንዲተዉላት ነገራቸው። ማታ የወቃችው ገብስ አንድ ኢፍ ያህል ሆነ፤ ገብሱም የእሷ ነው፤ ወደ ኑኃሚን ይዛው ሄደች። ቦዔዝ ቃሉን አስቀድሞ ሥራውን አላስቀረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ምዕራፍ 4 ነው። ቦዔዝ ነገሩን በቤቱ ውስጥ በደግነት ብቻ አልጨረሰውም። ወደ ከተማይቱ በር ወጣ፣ አሥር ሽማግሌዎች አስቀመጠ፣ በምስክር ፊት ውል አደረገ። የባዕድ አገሯ ሴት መብት በሰው ልብ ደግነት ላይ እንዳይንጠለጠል አደባባይ አወጣው። ደግነትና ሕግ አልተጣሉም፤ ደግነቱ እውነተኛ ስለነበረ ሕጉን አልፈራም። «እንደ ልጄ ነሽ፤ ውል ለምን አስፈለገ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ።

ተቃራኒውን በዘፍጥረት እናገኛለን። በምዕራፍ 16ና 21 አብርሃምና ሣራ ስለ አጋር ሲነጋገሩ አገልጋይ ይሏታል እንጂ በስሟ አይጠሯትም፤ «አጋር» ብሎ በስሟ የጠራት መልአኩ ነው። ልጇ እስማኤል የአብርሃም የሥጋ ልጁ ሆኖ ሳለ ነገሩ የፈነዳው ውርስ ላይ ሲደርስ ነው። ሣራ የዚህች አገልጋይ ልጅ ከልጄ ጋር አይወርስም ብላ አስወጣቻቸው። የቤተሰብ ቃል ሁልጊዜ የሚፈተነው ድርሻ ላይ ነው።

ጳውሎስ ደግሞ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ «እንደ» ብሎ አላለፈም፤ ከባሪያ ይልቅ የተወደደ ወንድም አድርገህ ተቀበለው አለ። ወዲያውም ሒሳቡን አነሣ፦ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠር፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ወንድም ያለ ሰው ሒሳብ አይሸሽም። «ከልጅና ከእናት መካከል ሒሳብ አለ?» ለሚሉን ይህን መልእክት ማስነበብ ነው።

ተይታ

ቃሉ ከእኛም ወደ እነሱ ይሄዳል። ብዙዎቻችን የምንጦረው አሮጊት ነው፤ «ተይታ» እንላታለን፣ አያቴ ማለት ነው። ተይታን ማን ያጥባታል? ሌሊት ስትቃዥ ማን ይነሣል? መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚያውቅ፣ የምትወደውን ሾርባ የሚያውቅ፣ ስትሞት ዓይኗን የሚከድን ማን ነው? ልጆቿ ካናዳና ዱባይ ናቸው፤ በስልክ «ማማ» ይሏታል። እኛ «እንደ ልጅ» የተባልነው ግን የልጅን ሥራ በሙሉ ሠርተናል። ስትሞት በለቅሶው ላይ ቡና የምናዞረው እኛ ነን፤ ሐዘናችንን ማንም አይጠይቀንም። በሳምንቱ መክተቡ ሌላ ቤት ይልከናል።

ይህን የምጽፈው ተይታን መውደድ ሞኝነት ነው ለማለት አይደለም። ፍቅሩ እውነት ነው፤ እግዚአብሔርም ያየዋል። የምለው ይህን ነው፦ በዚህ አገር የቤተሰብን ቃል በሥራ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ቃሉ የተነፈገው ሰው ነው። ፍቅራችን ለደመወዛችን ማስያዣ ሊሆን አይገባም።

ሙሉ ሠራተኛ

ታዲያ ምን እንባል? አንዳንዶቻችን «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ያሳፍረናል። ለአገር ቤት ሰው ስንነግር «ሰው ቤት ነው ያለሁት» እንላለን። እኔ ግን ከሁሉ የሚያስከብረን ቃል እሱ ይመስለኛል። «ልጅ» ሲባል ልክ የለውም፤ ልጅ ሌሊትም ይታዘዛል። «ሠራተኛ» ሲባል ግን ሰዓት አለው፣ ደመወዝ አለው፣ እረፍት አለው፣ ማብቂያ አለው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ጄኔቫ ላይ ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት ስለ ቤት «ሠራተኞች» ነው የሚናገረው። በሳምንት ሳይቋረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት እረፍት፣ ፓስፖርትን በራስ እጅ መያዝ፣ በዚያ ላይ ተጽፏል። እዚህ ቤይሩት ውስጥም እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ ራሳቸውን የጠሩት ሠራተኞች ብለው ነው፤ መንግሥት ዕውቅና ቢከለክላቸውም ስማቸውን አልለወጡም።

ግማሽ ልጅ ከመሆን ሙሉ ሠራተኛ መሆን ይሻላል። ደመወዟን በወሩ የምታገኝ፣ እሁድ የምትወጣ፣ ፓስፖርቷ በእጇ ያለ ሠራተኛ ከማዳም ጋር መዋደድ ብትፈልግ ትችላለች፤ ያ መዋደድ ነጻ ነው። መጀመሪያ መብት፣ ከዚያ ዝምድና። ተገላቢጦሹ ሲሆን ግን ዝምድናው መብትን መብያ ይሆናል።

በእኛም አፍ

ይህንኑ ሚዛን ወደ ራሳችን እናዙረው። ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ «እህቴ» የማንባባልበት ቀን የለም። ከኮንትራት ቤት ወጥታ በሌሊት የመጣችን ልጅ «እህቴ፣ ግቢ» ብሎ ተቀብሎ በሁለተኛው ሳምንት የፍራሽ ኪራይ እጥፍ የሚጠይቅ አለ። «እንደ ታናሽ እህቴ ነሽ» ብሎ ሥራ አስገብቶ የመጀመሪያ ደመወዟን የሚወስድ አለ። በተቃራኒው ደግሞ አንዲት ሴት ስትታመም ዕቁባቸውን ያስቀደሙላት፣ ሬሳ ለመላክ በየቤቱ ዞረው ገንዘብ የለመኑ አሉ። ሁለቱም «እህቴ» ብለዋል። ቃሉ አንድ ነው፤ ክፍያው ይለያያል።

አገር ቤት የተውናቸው ልጆችስ? ብዙዎቹ አያታቸውን «እማዬ» እያሉ፣ እኛን በስማችን እየጠሩ ነው ያደጉት። በኢሞ ስናያቸው ያፍሩናል፤ ስልኩን ለአያታቸው ያቀብላሉ። ይህ የሚያስለቅስ ነው። ነገር ግን በዚህ ወረቀት ሚዛን ስንለካው እኛ ከቃሉ አልሸሸንም። «ልጄ» የሚለውን ቃል በየወሩ ዶራ ሐዋላ ቤት ተሰልፈን እንከፍልበታለን፤ ለደብተር፣ ለጫማ፣ ለሐኪም። «እንደ» አላልንም። ልጆቻችን አድገው ይህን ቢጠይቁን ከነደረሰኙ መልስ አለን።

ለውይይት

1. ሩት 2ንና 4ን አንብቡ። ቦዔዝ «ልጄ» ካለ በኋላ ያደረጋቸውን ነገሮች ዘርዝሩ። ከእነዚህ ውስጥ በምትሠሩበት ቤት የትኛው አለ? የትኛው የለም?

2. «አንቺ እንደ ልጄ ነሽ» ተብሎ ደመወዝ ሲዘገይ በትሕትና ግን በግልጽ እንዴት ይመለሳል? ሁለት ሁለት ሆናችሁ በዐረብኛ ተለማመዱት።

3. አሠሪያችሁ በእውነት ደግ ከሆኑ፣ ውልና ደረሰኝ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ነው? ከፊልሞና መልእክት ጋር አያይዛችሁ ተነጋገሩ።

4. አገር ቤት በእናንተ ወይም በዘመዶቻችሁ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች? ደመወዟ ስንት ነው? ትምህርቷስ? በዚህ ሳምንት ደውላችሁ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው እሁድ መልሱን ይዛችሁ ኑ።

ቸር ያገናኘን።